የታጠነው እንስራ

አዛናው፣
ስትመለስ አታገኘኝም። በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌን እንደምንም አንብበው።

ጣሊያኑ ሻምበል ጠረጴዛው ላይ በመስተዋት ሣጥን ከሚያኖራቸው ሁለት ቀያይ ዓሦች አንዱ ዛሬ ጠዋት ሞቶ ተንሳፍፎ ተገኘ። የገደለው ሙቀቱ አይደለም። ውሃው ጭቃ ጭቃ ይላል እያልክ ስትነጫነጭብኝ ትናንት እንስራውን በወይራ አጠንኩልህ። ከዚያው እንስራ ለዓሦቹም ጨመርኩላቸው። ጢስ የገባበት ውሃ ዓሣ እንደሚገድል በምን ልወቅ?

የቀረውን አንዱን አደራ። ከእንስራው ጠብታ እንዳትጨምርበት። በማለዳ ከወንዝ ቅዳና ጥላ ላይ አስቀምጠው፤ ሲረጋ ግማሹን ብቻ ቀይርለት። የብርድ አገር ዓሣ ነው፤ ቀትር ላይ ሣጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው፣ ፀሐይ የሚገባበትንም መስኮት ዝጋ። ዳቦ በቀን አንዴ ቆንጠር አርገህ ጣልለት፣ ከዚያ አይለፍ።

ሻምበሉ ሸሕዲ ከተማ ሄዷል፤ ነገ ይመለሳል። ለአንድ የተሰበረ ብርጭቆ አብሮን የሚያገለግለውን ኢሳን እንዴት እንዳስገረፈው አብረን አይተናል። እኔ ተመልሼ ፊቱን ማየት አልችልም።

ዓሣው በጎኑ መዋኘት ከጀመረ አንተም ሻምበሉን አትጠብቅ። ልብስህን እንኳ ሳትይዝ ተከተለኝ። የት እንደሆንኩ እዚህ አልጽፍም፤ አምና ማሽላ ያጨድንበትን አገር አትረሳውም።

አዛናው፣ ሻምበሉ ዛሬ ጠዋት ወደ ሸሕዲ ከመነሳቱ በፊት ውሃውን ማን ቀየረው ብሎ ሲጠይቀኝ አለንጋው እጁ ላይ ነበር።

አዛናው ነው አልኩት።

እንግዳው