የግሪክ ልጆች ፎቶ የኛን ልጆች ክፍል ስለ መውሰዱ

ለተከበሩ አቶ ወልደሚካኤል
የኮሎምበስ አብሮነት መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የጀርመን አየር ተስማምቶዎት ፊትዎ ወዛ ብሎ ስላየሁ እኔም ደኅና ነኝ። የምጽፍልዎ ጀማነህ ነኝ፤ ኦቤትስ ያለው ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ፣ የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የምነዳው። አምና ደብዳቤ ሲመጣልኝ አንባቢ ፍለጋ እዞር ነበር፤ ዘንድሮ ከእትዬ ሰርካዲስ የማታ ክፍል አንደኛ ወጥቼ እርስዎን አስነብባለሁ። ተማሪዎቹ አራት ብንሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

አንደኛ፣ አውሮፓ ያሉ ግሪኮች ልጆቻቸውን በገዛ ቋንቋቸው እንዴት እንደሚያስተምሩ ለማየት ሽቱትጋርት ድረስ ለልምድ ልውውጥ ስለ ሄዱልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ያመጧቸው ፎቶዎች ግሩም ናቸው። የግሪክ ልጆች ከመደበኛ ትምህርታቸው በኋላ ተሰብስበው ፊደላቸውን ሲቆጥሩ አየን፣ ቀናንም። ፎቶዎቹን መስቀያ ሲጠፋ ግን የልጆቻችንን የቅዳሜ ክፍል ወስደው፣ ወንበሩን አስወጥተው፣ ሰሌዳውን ነቅለው ኤግዚቢሽን አደረጉት። የሰው ልጅ ሲማር እንድናይ የራሳችን ልጅ እንዳይማር አደረጉ። ይህን ዘዴ ግሪኮቹም የደረሱበት አይመስለኝም።

ሦስተኛ፣ የስምንት ዓመቷ ልጄ ሀሴት በኮቪድ ጊዜ እንኳ በዙም ተምራ ፊደሉን ጨርሳ፣ ከኔ ጋር አንድ መጽሐፍ ይዘን መሽቀዳደም ጀምረን ነበር፤ በርግጥ እበልጣታለሁ። አሁን ማንበቡን እየረሳችው ነው። ባለፈው በሩን ከፍታ አይታ፣ «ዳዲ፣ ሩማችንን የግሪክ ኪድስ ወሰዱት» አለችኝ። ምን ብዬ ላርማት?

ኤግዚቢሽኑ ሁሉም ሰው እስኪያየው ይቆያል ተብሏል። ክቡር ሆይ፣ እኔ አይቻለሁ፣ ባለቤቴ አይታለች፣ ጎረቤቴም ሳይወድ በግድ አይቷል። እስከዚያው እትዬ ሰርካዲስ ብሌንደን ታውንሺፕ፣ አፓርትመንታችን ላውንድሪ ሩም፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ታስተምራለች፤ የልብስ ማድረቂያው ድራየር ሲጮህ ልጆቹም «ሀ ሁ»ን ይጮኻሉ፣ እስካሁን የሚያሸንፈው ድራየሩ ነው። ክፍሉን ይመልሱልን፤ ፎቶዎቹን ኮሪደር ላይ እኔው በፎርክሊፍት እሰቅልልዎታለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ መንገድዎን ያቅናልን፣ ከመንገድም በደኅና እየመለሰ ያቆይልን እያልኩ፣ ወንበርዎን ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

አክባሪዎ ጀማነህ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የግሪካዊው የሥራ ባልደረባዬ የስታቭሮስ አክስት እርስዎ ከጎበኟቸው አስተማሪዎች አንዷ ኖራለች። «እኒያ ጨዋ ሰውዬ ትምህርት ቤታቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን እንደሚጠብቁት አጫውተውኛል» ብላ፣ ልታየው የፊታችን ቅዳሜ ኮሎምበስ ትገባለች። ክፍሉን ከፍተው ተማሪዎቹን የሚያስተዋውቋት እርስዎ እንደሆኑ ነግሬ ስልክዎን ሰጥቻታለሁ።