ከሰደፉ ላይ የፋቅከው ማህተም

ዴሪል፣

ቶሌዶ እህቴ ጋ ሄጃለሁ። የአጋዘን ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ለውሻዋ እንዳትሰጣት፣ ሆዷን ይነፋታል።

ጠመንጃዬን ይዤዋለሁ።

ለመሆኑ ሊቃውንትህ ምን አሉ? ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ጠመንጃዬ ኢንተርኔት ላይ ስትነታረክ ከረምክ። ያ ራሱን "ኮሎኔል" ብሎ የሰየመው ሰውዬ "የጦር ሠራዊት ትርፍ የነበረ፣ የታደሰ ጠመንጃ የተኳለች አሮጊት ማለት ነው" ሲልህ አመንከው። ኮሎኔል! ፎቶው ላይ እንኳ ከሶፋው አልተነሳም። "የሚያዋርደው ሰደፉ ላይ ያለው የእድሳት ማህተም ነው፣ ፋቀው" አለህ። አንተም እኔ ከሥራ እስክመለስ ጋራዡ ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ሙልጭ አደረግከው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያው ሰውዬ "የተፋቀ ሰደፍ ማገዶ ነው" ብሎ ሲስቅብህ አነበብኩ። እሰይ!

"ላንተው ብዬ ነው፣ ዋጋ እንዲያወጣ" አልከኝ። መች ልሸጠው ነው አልኩህ?

ማህተሙ ላይ የነበሩት ሁለት ፊደላት የእናቴ ሙሉ ስም መነሻዎች ናቸው። ትሠራበት በነበረው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ የታደሰውን ጠመንጃ ሁሉ መርምራ የምታሳልፈው እሷ ነበረች። ማህተሙን እንጨቱ ላይ የምትመታው በገዛ እጇ ነው። ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አልነገርኩህም፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው። ከመፋቅህ በፊት መጠየቅ ግን ያንተ ነበር።

የማሞቂያው እሳት ከጠፋ ቀዩን ቁልፍ ተጭነህ ትንሽ ቆይ።

ጋራዡን እንዳትጠርግ። የሰደፉን ብናኝ ስመለስ እኔው አነሳዋለሁ።

ቨርን