ጾም የያዘው ትከሻ

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

መሐል ሜዳ ገባሁ። የሚኒባሱ መስኮት ከደብረ ብርሃን ጀምሮ አልዘጋ ብሎ ጉልበቴ ደርቆ ቀረ። አክስቴ ጥሩሸዋ መናኸሪያው በር ላይ በርኖስ ደርበው ቆመዋል።

"ከስተሻል፣ ጽናት" አሉ። "ዩኒቨርሲቲው ምሳ አያበላም?"

"ጭፈራው ነው፣ እትዬ።"

"እኛ ስንጨፍር እንወፍር ነበር።"

ምስር በላን። ነፋስ አለ። ሌላ ምንም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ነገሩን ልጻፈው፣ ሲጻፍ ያንስ እንደሆን።

የማስተርስ መመረቂያዬ የመንዝ ጭፈራ ነው። ጽሑፉ አልቋል። የቀረው መድረኩ… ብቻዬን የምሠራው። ከፈታኞቹ አንዷ ኮከብ የምትባል ዳንሰኛ ናት፣ የራሷ የዳንስ ቡድን ያላት። ዘንድሮ ከእኛ ክፍል አንድ ሰው ብቻ በቋሚነት ትቀጥራለች። የቀረነውስ? የሆቴል ምሽት፣ የሙዚቃ ክሊፕ፣ ከዚያ ጉልበት እስኪያልቅ መጠበቅ። ሌላ ሥራ አልችልም። ሞክሬ አይደለም የማውቀው። አውቃለሁ በቃ።

ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ነበር። ወደ መጋቢት መጨረሻ አመጡት። አማካሪዬ ባስልዮስ "ሂጂና አክስትሽን በቪዲዮ ቅረጪ" አለኝ። ከዚህ እስከ ራቤል ሠርግ ሲኖር ጭፈራውን የሚመሩት አክስቴ ናቸው። "ጥሩሸዋ ሳትመጣ" እየተባለ ሙሽራ ደጅ ሲቆም በልጅነቴ አይቻለሁ።

አሁን ግን ሁዳዴ ነው።

"እትዬ፣ ለእኔ ብቻ። በር ዘግተን።"

"በሩ የሚዘጋው በማን ላይ ነው?"

"ለትምህርት ነው እኮ!"

"ትምህርትሽን እግዜር ይባርከው። ከፋሲካ በፊት ትከሻዬን አላነቃንቅም።" ከዚያ ሳቁ። "እዩልኝ ፊቷን! ሙሽራው የቀረባት መሰለች።"

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ባስልዮስ ደወለ። "ሌላ ሰው ፈልጊ።" ሌላውም ይጾማል። አገሩ በሙሉ ይጾማል።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ከበጎቹ በረት ጀርባ ስለማመድ አክስቴ ደረሱብኝ። ቆምኩ። አፈርኩ።

"ምነው አቆምሽ?"

"ጾም ነው ብዬ…"

"አንቺማ ሥራሽ ነው። ሸማኔ በሁዳዴ መሸመን ይተዋል እንዴ? ቀጥይ።"

"እርስዎስ?"

"እኔማ ሥራዬ አይደለም፣ ደስታዬ ነው። ጌታ እህል ውኃ ሲተው እኔ ደስታዬን ልከልክለው?"

ሄዱ። መቀጠል አቃተኝ።

ሥራሽ ነው… መቼ ነው ሥራ የሆነው? መምህሩ ጉልበቴን ያረመኝ ቀን? መስታወት እያየሁ መጨፈር የጀመርኩ ዕለት? ልጅ ሳለሁ ደስ ስላለኝ ነበር የምዘለው። አሁን ከመዝለሌ በፊት አስባለሁ፣ እየዘለልኩ አስባለሁ፣ ካረፍኩ በኋላ አስባለሁ። እሳቸው የሚተዉት ነገር አላቸው። እኔ ዛሬ ጭፈራ ብተው ምን ተውኩ ይባላል?

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ዛሬ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱ፣ ተረገጠ። ከሸማኔ እጅ ሲወጣ ልል ነው፤ በሙቅ ውኃ ነክረው በእግር ሲረግጡት ነው የሚጠብቀው። አክስቴና ጎረቤታችን በለጠች ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ወጡበት። እንፋሎት ከእግራቸው ሥር። በሌላ ጊዜ ይዘፈንበታል። ዛሬ ትንፋሽ ብቻ። እህ… እህ…

የበለጠች አፍ አያርፍም። "ነይ ውጪ፣ የዩኒቨርሲቲዋ! እግር አይደለም እንዴ የተማርሽው?"

ወጣሁ። አዳለጠኝ። በቂጤ ተቀመጥኩ።

"ይቺን ነው መንግሥት የሚያስተምረው!"

አክስቴ እስኪያነቡ ሳቁ። ወርጄ ስልኬን አወጣሁ፣ ቢያንስ ሥራውን ልቅረጽ ብዬ።

ከዚያ… በለጠች ሳታስበው ማንጎራጎር ጀመረች። ቃል የለውም። የሠርግ ዜማ ነው። የአክስቴ እግር ሰማ። ከእግር ወደ ወገብ ወጣ፣ ቀኝ ትከሻቸው ተነሣ። ተነሣና… አወቁበት። ያዙት። እዚያው አየር ላይ። እግራቸው መርገጡን አላቆመም። አንገታቸው ንቅንቅ አላለም። ያ ትከሻ ብቻ፣ ስሙን የጠሩት ሰው መስሎ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። በየትኛውም መድረክ ላይ። ጭፈራው በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር… ሳይወጣ። እንዴት ነው ሰው ይህን የሚችለው? በዚህ ዕድሜ፣ ረግረግ በሚል ባና ላይ፣ ያውም እየሳቁ?

"ጽናት።" ዞር አላሉም። "ያንን አጥፊው።"

"ፊትዎ እኮ አይታይም፣ እትዬ።"

"እግዜር የሚያየው ፊቴን ነው እንዴ?"

በለጠች አፏን በእጇ ያዘች። "እኔ ነኝ ያሳትኳቸው! እኔን ይቅጣኝ!" ትስቃለች፣ ደግሞም ፈርታለች።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

አላጠፋሁትም። ደጋግሜ አየሁት።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ለባስልዮስ ነገርኩት። ድምፁ ተለወጠ። "ላኪልኝ። ከኋላሽ በስክሪን እናሳየዋለን። ኮከብ ይህን አይታ ካልወሰደችሽ ዳንስ አታውቅም ማለት ነው።"

እውነቱን ነው። አውቃለሁ።

አክስቴ ቅዳሴ ሄደዋል። በረንዳው ላይ ተቀምጬ አንዴ ጨርሼ አየሁት። አጠፋሁት።

ሲመለሱ "አጠፋሁት፣ እትዬ" አልኩ። ስልኩን ልይ አላሉም። "ጎሽ" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሳላጠፋ ብዋሻቸውም ያምኑኝ ነበር። ይኼ ነው ያስደነገጠኝ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ባስልዮስ ተቆጣ።

"ታዲያ በምን ልትፈተኚ ነው?"

"ባየሁት።"

"አንቺ ያየሽውን እኛ በምን እንየው?"



መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ጓሳ ወጣሁ። ሣሩ የተከለከለበት ጊዜ ነው፣ ማጭድ አይነካውም፣ በግ አይገባበትም። መንገዱ ዳር ቆሜ ተለማመድኩ። ትከሻዬን አነሣለሁ፣ እይዛለሁ። ውሸት። እንደገና። ውሸት። የያዝኩት ባዶ ነው። አስቀድሞ የሚመጣ ነገር አለ፣ እሱ አልመጣም። በትእዛዝ ይመጣል እንዴ?

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

አዲስ አበባ፣ ስቱዲዮ። መስታወቱን በአንሶላ ሸፈንኩት። ሌሎቹ ያሽሟጥጣሉ። "ጽናት ሐዘን ተቀመጠች።"

እግሬ ይረግጣል፣ ሌላ ምንም አላደርግም። ከሰዓት በኋላ ግን የበለጠች ማንጎራጎር ትዝ አለኝና… አንዴ መጣ። ልጨፍር ነበር! ያዝኩት።

አንዴ ብቻ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ፈተናው። ሙዚቃ አላስገባሁም። መድረኩ መሀል ቆሜ ረገጥኩ። ሰው ጠበቀ። አንዱ ሳለ። ወንበር ተንቋቋ። ትከሻዬ ይነሣ ይሆን? አልለመንኩትም፣ ረገጥኩ ብቻ። ተነሣ። ትከሻዬ ተነሣ… ያዝኩት… ወረደ። አበቃ።

"ይህ ዳንስ ነው ወይስ እምቢታ?" አለኝ አንዱ ፈታኝ። አላወቅኩም። አላውቅም አልኩ።

ኮከብ ቀና አለች። "ለምን አልጨረስሽውም?"

"ጾም ነው።"

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ከማን ተማርሽው?"

"ከአክስቴ።"

"ቪዲዮ ይኖርሻል?"

"አጠፋሁት።"

አየችኝ።

ባስልዮስ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። "አብደሻል" አለ። ከዚያ ደግሞ "እኔ ግን መተንፈስ ረስቼ ነበር።"

ማስተርሱን አለፍኩ። ከቡድኑ ግን ወሬ የለም።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

ለፋሲካ መሐል ሜዳ መጣሁ። ዛሬ ሆሳዕና ነው። ሌላ ልጅ ተቀጠረ የሚል ወሬ ሰማሁ። እውነት ይሆን? ይገባዋል፣ ጎበዝ ነው። ይኼን ጽፌ ሦስት መስመር ሰረዝኩ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ኮከብ ደወለች።

"ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ልምምድ ትጀምሪያለሽ። መጀመሪያ ያንን ትከሻ ለቡድኑ ታሳዪያቸዋለሽ።"

"አይሆንም… ማለቴ፣ እንዲህ ነው ተብሎ የሚታይ አይደለም" አመለጠኝ።

ሳቀች። "እሱኑ ንገሪያቸዋ።"



አክስቴን ደጅ ላይ ጠበቅኳቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ የስግደቱ አፈር ግንባራቸው ላይ አለ።

"ተቀጠርኩ፣ እትዬ።"

ቆሙ። ሕማማት ነው፤ አይሳሳሙበት፣ እልል አይባልበት። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እልልታው ጉንጫቸው ውስጥ ሲሞላ አየሁት። ተረከዛቸው ከመሬት ለቀቀ፣ ቆየ፣ ተመልሶ አረፈ። እጆቻቸው ሊያቅፉኝ ተነሥተው መንገድ ላይ እርስ በርስ ተያያዙ። እንዴት ያምራሉ! ይህን ሁሉ ድሮ አላየውም ነበር። ዝም ብለው ቆሙ እል ነበር።

"እንግዲህ…" አሉ። "እሑድን ያድርሰን።"

አሜን አልኩ። ጉልበቴ ውስጥ ሞቀኝ። ሊያዘልለኝ ነው። ማንም አልጠራው፣ ማንም አይፈትነው። ሥራ አይደለም ይኼ። ያዝኩት። ያመኛል፣ ይጣፍጠኛል።

ጉልበቴን አዩት።

"ያዢው" አሉ በለሆሳስ። "ያዢው፣ ልጄ።"

በጎቹ ከግጦሽ ገቡ። በመሀላችን እየተጋፉ አለፉ። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም።