ባርነት የቀረበት ቀን ሲከበር

እማዬ ዓለሜ፣

አንቺን የካ ሚካኤል ካሳረፍንሽ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ዛሬ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፤ ላንቺ ካልነገርኩሽ አይወጣልኝም።

ያገለገልሽበት የእመቤትሽ ግቢ ተወርሶ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆኗል። ባለፈው ወር ሊቀ መንበሩ ቤቴ ድረስ መጣ። ባርነት በአዋጅ የቀረበት ቀን በመንግሥት ሊከበር ነው አለና፣ «እናትሽ በቀበሌው ግቢ ባሪያ ነበሩ አሉ፤ ወጥተሽ ተናገሪ» አለኝ። ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ዘጋሁ። በቤታችን ያን ቃል ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረማ።

ደግሞ የልጅ ልጅሽ ሰናይት ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ አባት ሾላ ገበያ እህል ነጋዴ ናቸው፤ አጥንት የሚቆጥሩ ሰው። ስብሰባው ላይ ከፊት እንደሚቀመጡ አውቅ ነበር። እምቢ ልል ስነሳ ሰናይት፣ «እማ፣ አንቺ ካልወጣሽ እኔ እወጣለሁ፤ በአያቴ አላፍርም» አለችኝ።

ወጣሁ እማዬ። ስለ ፊውዳሉ ሥርዓት አንብቢ ብለው ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር፤ አላነበብኩትም። አንቺ አንድ ቀን ብቻ ያወራሽልኝን ነገርኳቸው። ነጻ ወጥተሻል የተባልሽ ዕለት መሄጃ ጠፍቶሽ እንጦጦ ወጣሽ፤ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለሽ፣ አሁን ይጠሩኛል እያልሽ ስታዳምጪ ዋልሽ። ማንም አልጠራሽም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ያስቀመጠሽ ደስታ ይሁን ፍርሃት እንዳልገባሽ ነግረሽኝ ነበር።

ከአዳራሹ ኋላ አንዲት አሮጊት፣ «የኔም እናት!» ብለው ጮኹ። የልጁ አባት ግን ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። በማግስቱ፣ ጋብቻው ይቅር ብለው ላኩብን። ሰናይት እህል አልቀምስ ብላ ሰነበተች። እኔም ምን አደረግኩ እያልኩ ከጓዳ ሳሎን ስመላለስ ከረምኩ።

ዛሬ ልጁ ብቻውን መጣ። ከሰናይት ጋር ጓሮ ቆመው ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይልኝም። ይህን የምጽፍልሽም እነሱን እየጠበቅኩ ነው።

አሁን ገባች። «‹አባትህን ይዘህ ና፤ እዚህ ቤት ተቀምጠው ስለ አያቴ ከእናቴ አፍ ይስሙ፤ ካልሆነ ይቅር› አልኩት» አለችኝ። ልጁ እሺ ብሎ ወደ ሾላ ወርዷል። ይምጡ፣ አይምጡ እንጃ። እሷ ግን ፊቷን ታጥባ ምሳ አቀረበች።

እኔም አንድ ነገር ወስኛለሁ። መቃብርሽ ላይ ያለው እመቤትሽ ያወጣችልሽ ስም ነው። አስፍቄው እናትሽ ያወጣችልሽን፣ ጫልቱ የሚለውን አስጽፋለሁ። መንግሥት ቀኑን ቢያስበውም ቢረሳውም፣ በየዓመቱ ያን ዕለት ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ።

ልጅሽ