ላለመዋሸት የማለችው መነኩሴ

እህትዓለም፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ያ እንቅልፍ የነሳሽ ራስ ምታትስ ለቀቀሽ ወይ? የልጆቹ አባትስ ሳሉ ተሻለው? እኔ ከመርፌና ከክር ጋር እየታገልኩ አለሁ። የልጅሽን ነገር ግን ተቀምጠሽ አንብቢው። በስልክ እንዳልነግርሽ ግድግዳው ስስ ነው፣ ትሰማኛለች።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ፣ መድኃኒቱ ከእንግዲህ እንደማይሠራላት፣ ቤቷ ብታርፍ እንደሚሻል ነገረኝ። አንቺ ደግሞ ክፉ ወሬ ከመጣ እንዳልነግራት አስምለሽኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቿ እየመጡ አልጋዋ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፤ የደንቡ መጽሐፍ ከጡብ ይከብዳል። እያንዳንዱ በሐሳቡ ሌላ ሰው ይሆንና፣ ዳይስ የሚሉትን ቁጥር የተጻፈበት ባለ ሃያ ገጽ ጠጠር እየጣለ በአስማት አገር ይዞራል። ሰው ሲጎድልባቸው እኔን አስገቡኝና መነኩሴ አደረጉኝ። ሳቂ እንግዲህ። መነኩሴዋ መሐላ መምረጥ ግዴታዋ ነው፤ ዝምታው ከእኔ እንደማይሆን ታውቂያለሽ፣ ጾሙም ከበደኝ፣ ላለመዋሸት ማልኩ። መሐላዋን ከጠበቀች በየሳምንቱ አንድ ብርሃን ይጻፍላታል፤ ሰባት ሲሞላ ዓይነ ልቦናዋ ይበራል፣ የተሰወረውን ሁሉ ታያለች። ካፈረሰች ሁሉም ይሰረዛል። ጨዋታው እስኪያበቃ ከአፍሽ የወጣ ሁሉ የመነኩሴዋ ቃል ነው። ስድስት ደርሼልሽ ነበር።

ያለፈው ቅዳሜ ጓደኞቿ ሻይ ሊያፈሉ ጓዳ ሲገቡ፣ ዳይሱን እጇ ላይ እያንከባለለች፣ "አክስቴ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?" አለችኝ። ትራሷን የማስተካክል መስዬ፣ ትድናለች ብሎኛል አልኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ላጲሷን አነሳችና በእርሳስ የተጻፉትን ስድስቱን ብርሃኖቼን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

"ሕጉ ነው አክስቴ። ተራሽ ነው፣ ጣይ።"

ላንቺ የማልኩትን ጠብቄ የመነኩሴዋን አፈረስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሾርባው በርዷል ስላት እንኳ በጣቷ ነክታ ካላየች አትጠጣም። እናትሽ ትመጣለች ብላት፣ እሺ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወደዚህ የምትመጪበትን የጉዞ ወረቀት ሁለተኛ ጊዜ እንደከለከሉሽ እሷም ታውቃለች። ምን ላድርግ እህቴ፣ መላው ጠፋኝ።

ለልጆቹ አባት፣ ለትልቁ ልጅሽና ለሚስቱ፣ ለዚያች ለቀበጧ ትንሿ፣ ለአማትሽም ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ልጅሽን፣ ለእናትሽ ምን ብዬ ልጻፍላት ብዬ ብጠይቃት፣ "ደህና ናት በያት። አንቺ እንደሁ መሐላሽ ፈርሷል፣ ከእንግዲህ መዋሸት ትችያለሽ" አለችኝ።

ታናሽ እህትሽ
ከልብስ ስፌቱ ጀርባ ካለችው ክፍላችን
ሰኞ፣ ኅዳር ፱ ቀን