የአውቶቡሱ ፊልም እንደገና ሊሠራ ነው፣ ፍሬዬ

ፍሬሕይወት፣ የኔ እናት፣

ከተለያየን አራት ክረምት ሄደ፤ አምስተኛው እየመጣ ነው። ዛሬ የቡራዩ ሰማይ ከብዶ አድሯል። ቀስ ብዬ እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ እጅ ነው፤ አንድ መስመር እስክጨርስ ሻዬ ይቀዘቅዛል። የምነግርሽ ነገር አለኝና ታገሺኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ከአጥሩ ጀርባ የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አለቀ፤ አሁን በመስኮቱ የሚታየኝ ገና ያልተለሰነ የጎረቤት ፎቅ ነው። ባጃጅ እስከ በራችን ይገባል። በዝናብ ጊዜ ጫማሽን አውልቀሽ የምትሻገሪው ቦይ ድልድይ ተሠራለት። ድልድዩን በረገጥኩ ቁጥር ጭቃ የነካው እግርሽ ይታየኛል። ክፍልሽን አልነካሁትም ብዬ አልዋሽሽም፤ ሽንኩርት አስቀምጥበታለሁ። ቡናማው ሹራብሽ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ አለ።

ልነግርሽ የፈለግሁት ይህን ነው፤ የአውቶቡሱን ፊልም በአዳዲስ ተዋናዮች እንደገና ሊሠሩት ነው።

ያኔ ዘጠኝ ሆናችሁ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሠራችሁት ፊልም ይህን ያህል ይቆያል ብሎ ማን አሰበ? አውቶቡስ ተበላሽቶባቸው ጉም ውስጥ የሚጠብቁ ዘጠኝ መንገደኞች፣ ሌላ ምንም የለውም። ዋና ተዋናይ እንኳ የለውም፤ ሁላችሁም ዋና ነበራችሁ። ሰው ግን እስከ ዛሬ ያየዋል። ገበያ ስሄድ «የአውቶቡሷ ልጅ እናት» ይሉኛል። ያኔ ታዲያ ፊልሙ የሁላችንም ነው፣ አንዳችን እንቢ ካልን ማንም አይነካውም ብላችሁ ወረቀት ላይ ፈርማችሁ ነበር። አሁንም የሚሠራው የያኔው ዳይሬክተር ነው፤ ያንን ወረቀት አስቀምጦት ኖሮ ይዞልኝ መጣ። ስምንቱ ተስማምተዋል። የቀረው ያንቺ ነው፤ ላንቺ የምፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ።

እንቢ አልኩ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።

የፊልሙ መጨረሻ ላይ መጠበቅ ሰልችቶሽ በእግርሽ ትሄጃለሽ። ጉሙ ሊሸፍንሽ ሲል ዞር ብለሽ ታያለሽ፤ ፈገግ ልትዪ ትጀምሪና ትተሽው ትሄጃለሽ። ስለዚያች ዞር ማለትሽ ስንት ተባለ! አንዱ በሬዲዮ የተወችውን ፍቅረኛዋን ነው ያየችው አለ። ሌላው ያለፈውን ዘመን ነው አለ። እኔ እየሰማሁ ምስሬን እለቅማለሁ። ያየሽው እኔን ነበር። ሹራብሽን ረስተሽ ወጥተሽ፣ በታክሲ ተከትዬሽ መጥቼ፣ ከካሜራው ኋላ ሹራቡን ከፍ አድርጌ ይዤ ቆሜ ነበር። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ተቆጣ፤ የተቀረጸውን ሲያየው ግን አልደግመውም አለ። አንቺም ስትመለሺ ጆሮዬ ሥር መጥተሽ «እማዬ፣ አዋረድሽኝ እኮ!» አልሽኝ፤ ከዚያ ወዲያ በሁለታችን መካከል ቀረ።

ፊልሙን በፍላሽ አስገልብጬ ቴሌቪዥኑ ላይ አየዋለሁ። ዞር ስትዪ አቆመዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ካረፍሽ ጀምሮ አላየሁትም። ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል ያ ሜዳ ይመጣብኛል። ሹራቡን ይዤ እሄዳለሁ፣ ሣሩ ይረዝማል፣ ሹራቡ ጤዛ እየጠጣ ይከብደኛል። አንቺ አንገትሽን መልሰሽ ቆመሻል። አትመጪም፣ አትሄጂም። ዝም ብለሽ ታይኛለሽ።

ያንቺን ቦታ የምትሠራው ልጅ ሜሮን ትባላለች። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን ቀይ ቀብታ መጣች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል መነጽሯ ወደቀ። «እማማ፣ ያቺ ሲን ጨርሳኛለች፣ በናትዎ! አንገቷን እንዴት እንደመለሰች ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። እኔ ሳደርገው ግን ዕቃ ረስታ የወጣች ሴት ነው የምመስለው» አለችኝ። ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ከእውነቱ ምን ያህል እንደቀረበች አላወቀችም። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ» ብዬ ዋሸኋት። አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ኦቦ ገመቹን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ከዘጠኛችሁ ትወና የማያውቁት፣ እውነተኛው የአውቶቡሱ ሹፌር። በሳምንቱ እሳቸው መጡ። «አዴ አስካለ፣ አካም ቡልተን?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አሉኝና ገና ሳይቀመጡ ሐሜታቸውን ጀመሩ። «እኔን የሚሠራው ልጅ መንጃ ፈቃድ የለውም አሉ! አውቶቡሱን በገመድ ሊጎትቱለት ነው!» ታዲያ ለምን ፈረሙ ብላቸው ባርኔጣቸውን አንስተው መላጣቸውን አሳዩኝ። «በድሮው ላይ ፀጉር አለኝ። እሱን ማን ይወስድብኛል? እስኪ ልምምዳቸውን ይዩላቸው፤ እንቢ ካሉም ከዚያ በኋላ ይበሉ።»

አብረን ሄድን። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ሹራብሽን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ሜዳው ግማሹ ታጥሯል፤ ጉሙን ግን ማንም አላጠረውም። እንደ ድሮው ከተራራው ወርዶ ሣሩ ላይ ተኝቷል። ልጅቷ ሄደች፣ ዞር አለች። እንደገና ሄደች፣ ዞር አለች። አንገቷ ያንቺ አንገት ይመስላል፤ ዓይኗ ግን ባዶ ሜዳ ነው የሚያየው። አምስተኛው ላይ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት። ስለ ሹራቡ፣ ስለ ታክሲው፣ ሁሉንም። ምስጢራችንን ስላወጣሁ ይቅር በዪኝ። ኩሉ ጉንጯ ላይ እንደወረደ ሰማችኝና «ታዲያ እኔ ማንን ልይ?» አለች። እናትሽ የት ናት አልኳት። «ሰበታ፣ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ትምህርቴን ትቼ እዚህ ስለገባሁ ተቀይማኛለች። አንድም ሥራዬን አይታልኝ አታውቅም።» አምጫት አልኳት። ከካሜራው ኋላ ትቁምልሽ።

እሑድ እናትየው መጣች፤ ዣንጥላዋን እንደ ዱላ ጨብጣ። «ሥራ የሚሉት ይሄ ነው? ጭቃ ውስጥ መራመድ?» አለችኝ። ካሜራው ኋላ አቆምናት። ልጅቷ ሄደች፤ ጉሙ ጫፍ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። ያንቺ አልነበረም፣ ፍሬዬ። ብርጭቆ ሰብራ እናቷ ትመታት እንደሆነ የምታይ ሕፃን ትመስላለች። የእናቲቱ ዣንጥላ ቀስ እያለ መሬት ነካ። ዳይሬክተሩ «ካት» ብሎ ካሜራውን ማስቆሙን ረሳ።

ስፈራው የነበረው ያኔ ለቀቀኝ። ያንቺን ሊወስድብኝ የሚችል የለም፤ ለእኔ ብቻ የተላከ ነውና። የእሷም የራሱ ባለቤት አለው። ይሥሩት። ወረቀቱን ተቀብዬ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጻፍኩ «ስለ ፍሬሕይወት፣ እናቷ አስካለ» ብዬ ፈረምኩ። ልጅቷ በብርድ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ሹራብሽን ግን አልሰጠኋትም። እናቷ የራሷን ኮት አውልቃ አለበሰቻት።

ቤት ገብቼ ያንቺን ፊልም ከፈትኩ። ዞር አልሽ። ጣቴ የሪሞቱ ማቆሚያ ላይ ነበር፤ አነሳሁት። አንገትሽን መለስሽ፣ ሄድሽ፣ ጉሙ ሸፈነሽ። እኔ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። ማንም በማይታይበት ነጩ ውስጥ የእግርሽ ድምፅ ሣሩ ላይ ይሰማል፤ ከዚያ ደግሞ አፍሽን በእጅሽ አፍነሽ ስትስቂ። ረስቼው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሳቅሽ ደጃፍ ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ።

ከእንግዲህ አላቆምሽም፣ የኔ ልጅ። በየጊዜው አይሻለሁ፣ እስከ ሳቅሽ ድረስ እሰማሻለሁ። ሂጂ። ሹራብሽን ይዤ እዚሁ ከኋላሽ ቆሜያለሁ።

እናትሽ አስካለ
ቡራዩ