ከእንሰቱ ሥር

ሰኞ

…ለብ ያለ የእንሰት ቅጠል ነበር፤ አማቴ ያኔ የበኩር ልጄን የእንግዴ ልጅ ጠቅልለው ጓሯቸው የቀበሩበት። ልጁ ሞቶ ነው የተወለደው። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። ዛሬ ጠዋት ሴት ልጅ ወለድኩ። ያለ ጊዜዋ፣ ከስታ። ግን አለቀሰች! ወዲያው ወደ ሙቀት ክፍል ወሰዷት።

ማክሰኞ

ያዋለደችኝ ዶክተር መጣች። ከጎንደር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። የእንግዴ ልጁ ትንሽ ነበር አለች። ነጫጭ፣ ደረቅ ያሉ ቦታዎች ነበሩበት። ደም በደንብ አላለፈበትም፤ ልጅቷ የከሳችው ለዚያ ሳይሆን አይቀርም። "እናስመረምረዋለን። የመጀመሪያው ለምን እንደሞተ ፍንጭ ይሰጠን ይሆናል። የዚችንም እድገት ምን ያህል መከታተል እንዳለብን ያሳየናል።"

ልታመጣው ሄደች። ካስቀመጠችበት ቦታ አጣችው። ተረኛዋ አዋላጅ ለአማቴ ሰጥታቸዋለች። እዚህ ዘመድ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል፤ ሁሌም እንደዚያ ነው። አማቴ ትናንትናውኑ ቦዲቲ፣ ቤታቸው ወስደው፣ ጓሮ እንሰቱ ሥር ቀብረውታል።

ረቡዕ

ባለቤቴ ማርቆስ ለእናቱ ደወለላቸው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገው።

"ከወንድሟ ጎን ነው ያኖርኩት። ብቻውን ነበር እኮ።" ቀጥለውም፣ "ላውጣው እንዴ?" አሉ።

ዶክተሯን ጠየቅናት። ራሷን ነቀነቀች። አሁን ለምርመራ አይሆንም።

መቆጣት ፈልጌ ነበር። አቃተኝ።

መስማቷ። ማየቷ። ቁጭ ማለቷ። እማ ማለቷ። ይዘገይባት ይሆን? ሌላ ምንም አላስብም።

ሐሙስ

ነርሶቹ ከሙቀት ክፍል አምጥተው ደረቴ ላይ በነጠላ አሰሯት። ጠባች! ትንሽ ጠባች።

አማቴ አጥሚት ይዘው መጡ። "ይቺ ጉንዳን! ለዚህ ነው እንዲህ ያስጨነቅሽን?" ብለው ሳቁባት። ከዚያ አለቀሱ። ጥፍራቸው ውስጥ አፈር አለ።

"ልቆፍረው ጀምሬ ነበር" አሉኝ። "እጄ እምቢ አለኝ።"

ዓርብ

ጠዋት ደረቴ ላይ እንዳለች አንድ እጇ ተንቀጠቀጠ። ብይዘውም አልቆመም። ጮህኩ። ዶክተሯ እየሮጠች መጣች፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ በእርግብግቢቷ በኩል በአልትራሳውንድ ልየው አለች። ከነጠላው ፈታ ወሰደችብኝ። እስከ ምርመራ ክፍሉ በር ተከተልኳት።

"እዚህ ጠብቂኝ፣ እህቴ።"

አማቴ ክንዴን ያዙ። ነጠላው ገና ይሞቃል።

በሩ ተዘጋ።